የእናትነት ጠብታ

ሰው ሁሉ ዕጢዎቹን በልጅነቱ በክትባት ያስተኛል፤ ፍርሃቱንም ፍቅሩንም የሚያገኘው ከሆርሞን ብልቃጥ ነው። አራሷ ስንዱ ግን የጠዋቱን የእናትነት ጠብታ ገንፎው ላይ ተፋችው። ጠብታው የማታውቀው ሰው ላብ ላብ ሸተታት።

«ምነው ልጄ!» አሉ አማቷ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ልጄን በጠርሙስ አልወድም፣ እማማ።»

«ያለሱማ ትጸየፊያታለሽ!»

እውነታቸውን ነበር። ሕፃኗ ቆዳዋ የተገፈፈ አይጥ መሰለቻትና ፊቷን አዞረች። ሕፃኗ ጮኸች። ያኔ ከስንዱ አንጎል ሥር ያለችው፣ ሽምብራ የምታህለው ዕጢ ሳትነቃ አልቀረችም፤ የስንዱ ቀሚስ ደረቷ ላይ በወተት ራሰ። ወተቱ ይጣበቃል፤ ጠረኑም አቅለሸለሻት።

አማቷ ፎጣ ሊያቀብሏት ተንደረደሩ።

«ይተዉት፤ የራሴ ነው» አለችና አፍንጫዋን እንደጨማደደች ልጇን አቀፈቻት።