በእናቱ ስም

የፕሮግራመሩ ብሎግ አንዲት ታማኝ አንባቢ ነበረችው፤ እናቱ። ስለ ኮምፒውተርም ይጻፍ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ከሥሩ «አነበብኩት ልጄ» ሳትል አታልፍም። ስለዚህ አስተያየት መስጫው መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም ሲሠራ፣ በእሷ ስም ያንኑ ቃል እንዲልክ አደረገው። ቃሉ እንደተላከ ከደረሰ አረንጓዴ ይበራል፤ ከተዛባ ቀይ።

እናቱ ካረፈችም በኋላ በየጠዋቱ ያስነሳዋል።

«ኧረ አሁንስ አጥፋው!» አለችው እህቱ ዕቃ እያጠበች። «ስሟን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።»

«ነገ አጠፋዋለሁ።»

«ያንተ ነገ መች ያልቃል!»

እሱ ግን እንደ ልማዱ አስነሳው። ቀይ በራ። የተላከው «አነበብኩት ልጄ» ነው፤ የደረሰው ግን «ዛሬም ቁርስ ሳትበላ ነው?» ይላል።

እህቱ የቀለደችበት መስሎት ዞረ። እጆቿ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሰዋል።

ደግሞ አስነሳው። ወትሮ ወዲያው የሚመጣው መልስ አሁን ዘገየ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቀይ በራ።

«ደክሞኛል ልጄ። በየጠዋቱ አትቀስቅሰኝ።»