ሠላሳው ቀን እስኪሞላ

ሽታው የጀመረው በየካቲት ነው፤ በዚያ አገር ዝናቡ አገዳውን ሽቅብ በሚያስመነድግበት፣ የቤቱን ግድግዳ ደግሞ ሻጋታ በሚያለብስበት ወር። ኖሪን የሞተ አይጥ ይሆናል ብላ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከቦታው አንቀሳቀሰች። አይጥ የለም። ሽታው የሚመጣው ከባሏ ከክላሪ መኝታ ቤት ነበር። ክላሪ ስለሚያንኮራፋ ለየብቻ መተኛት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አልጋውን የሚጋራው ዳስቲ የሚባለው ቀይ ውሻቸው ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛውን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም።

ዳስቲ ደግሞ ለመወንጀል የተፈጠረ ውሻ ነው። መኪና የዳጠው ጉርጥ ላይ ይንከባለላል፣ የበላውን ምንጣፍ ላይ ያስመልሳል፣ ያስመለሰውን መልሶ ይበላል። ይህን እያየ ምሳውን የሚጨርስ ሰው ካለ ሆዱን አደንቃለሁ።

ክላሪ አርባ ዓመት አገዳ ማሳና ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ ቦርጩ ጫማውን ከጋረደበት ዓመታት ያለፉት ሰው ነው። ሽታው ከመጀመሩ በፊት፣ የገና በዓል እንዳለፈ፣ ውሻውን ከአልጋው ሊያባርር ቆርጦ ተነሳና ጓሮ ውስጥ በአሮጌ ጣውላ ቤት ሠራለት። ሥራውን ጨርሶ ሲገባ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ኖሪን ብታይ የቦት ጫማው ሶል ላይ ሚስማር ተሰክቷል። ክላሪ ምንም አልተሰማኝም ብሎ በጉጠት ነቀለውና ሳቀ። ዳስቲ ግን አዲሱ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም፤ በሩን ቦጫጭቆ ወጣና አልጋው ግርጌ ተጠቀለለ።

የኢንሹራንሱን ነገር ያመጣችው ጎረቤታቸው ግሌንዳ ናት። ባለፈው ዓመት ውሻዋን እባብ ነድፎት ስምንት ሺህ ዶላር ስትጠየቅ፣ አብዛኛውን ኢንሹራንሱ ከፍሎላታል። ከዚያ ወዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እያለች የማትሰብከው ሰው የለም። እነኖሪን ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ አፍንጫዋን ያዘች። ይሄ ውሻ ውስጡ በስብሷል፣ ወይ ጥርሱ ነው ወይ ዕጢ ነው አለች። ቀጥላም ምክሯን ለገሰች። ሐኪም ቀድሞ ካየውና ከመዘገበው ኢንሹራንሱ አሮጌ በሽታ ነው ብሎ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ መክፈል እስኪጀምር የሚጠበቀውን ሠላሳ ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ፣ በሠላሳ አንደኛው ቀን ውሻው ዛሬ ታመመ ብሎ መውሰድ።

ክላሪ አልዋጥልህ አለው።

"ለውሻ ኢንሹራንስ? ለእኔ እንኳ የለኝም።"

"አንተማ ካርድህን አሳይተህ በነፃ ትታከማለህ" አለች ኖሪን። "እሱ ምን ካርድ አለው?"

"በወር ሰባ ዶላር! የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።"

ሁለት ቀን ተነታርከው እሷ አሸነፈች። ስልኳ ላይ በከፈተችው ቅጽ "ውሻዎ ጤነኛ ነው?" ለሚለው፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው "አዎ" የሚለውን ነካች። ከዚያም ጤና ጣቢያው ለክላሪ የላከውን የስኳር በሽታ ክትትል ቀጠሮ ወረቀት ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ ሠላሳ መስመር አሰመረችና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። በየጠዋቱ አንድ መስመር ትሰርዛለች።

በዘጠነኛው ቀን ሽታው ወጥ ቤት ደረሰ። ዳስቲን በሳሙና አጠቡት፣ ጥርሱን ቦረሹለት፣ ምግቡን ቀየሩለት። ግማቱ ብሶበት አረፈው። ውሻው ደግሞ ከክላሪ እግር ሥር አልነሳ አለ። ክላሪ ቴሌቪዥን ሲያይ ቦት ጫማውን ይልሳል፤ ክላሪም እየተሳደበ ይገፈትረዋል። ፍራሹ እንኳ ሸተተ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኖሪን አንጀቷ አልችል አለ። ውሻው እህል መቅመስ ትቶ በር ላይ ያለቅሳል። ማሰሪያውን አንስታ ወደ መኪናው ስትሄድ ቁልፉ ከቦታው የለም።

"ቁልፉን የት አደረግከው?"

"ሠላሳው ሲሞላ ታገኚዋለሽ።"

"እስከዚያ ቢሞትስ?"

"ከሞተማ ተገላገልን። ሰባ ዶላሬን ከፍዬ አሥራ አንድ ቀን አቅቶኝ ስምንት ሺህ አልከፍልም።"

ኖሪን ባሏን ትክ ብላ አየችው። ውሻውን ከአልጋው ለማውረድ ቤት የሠራ ሰው፣ በእርግጫ የሚያባርር ሰው፣ አሁን ደግሞ ቁልፍ ደበቀ። እንዲሞትለት ነው የሚፈልገው ብላ ለግሌንዳ በስልክ ነገረቻት። ያም ሆኖ በእግሯ ሄዳ ሐኪም አልጠራችም። በማግስቱ መስመሯን ሰረዘች። ከሽታው ይልቅ እኔን የሚያስጠላኝ ይሄ ነው፤ በቤታቸው ውስጥ ሥጋ እየበሰበሰ አፍንጫቸውን ይዘው ቀን የሚቆጥሩ ሰዎች።

የመጨረሻዎቹን ቀናት ማንም በደህና አላሳለፈም። ኖሪን በረንዳ ላይ ተኛች። ክላሪን ምግብ ዘጋው፤ ያልበዋል፣ መልሶ ደግሞ ብርድ ብርድ ይለዋል። የዚህ ጥንብ ውሻ ግማት መረዘኝ ይል ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሺቫኒ ዳስቲን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ አፉን ከፍታ አሸተተች፣ ጆሮውን አየች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ጭራውን ገልባ ተመለከተች። ኖሪን ትናንት ማታ ድንገት ነው የጀመረው አለች፣ እንደተለማመደችው። ዶክተሯ ውሻው ላይ አንድም ቁስል አላገኘችም። ዳስቲ ከጠረጴዛው ዘልሎ ወርዶ ክላሪ እግር ሥር ተኛ።

ዶክተር ሺቫኒ ኖሪንን ውሻውን ይዛ ወደ ውጭ እንድትወጣ ነገረቻት። በሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም ዘጋች። ክፍሉ መሀል ቆማ አየሩን ሁለት ጊዜ ማግ ማግ አደረገችና ወንበሩ ላይ ወደተቀመጠው ሽማግሌ ዞረች።

"ክላሪ፣ ያን ቦት ጫማዎን ያውልቁት።"