የተርቦው ፉጨት

መካኒኩ የካቻቢቴውን ጫፍ ለሞተሩ አየር በሚገፋው ተርቦ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ሲለጥፍ፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ መዶሻውን አስቀመጠ። "ባለጆሮው" ያሉት በከንቱ አልነበረም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአየር ፊልትሮ የመረጠው ካርቶን አንብቦ ሳይሆን የተርቦውን ፉጨት አዳምጦ ነበር። የእህቱ ልጅ ለእሁዱ የመኪና ውድድር ሁለት ፊልትሮ ይዛ መጥታለች፤ አንዱ ዘይት የጠጣ ጥጥ፣ ሌላው ደረቅ። "አጎቴ፣ አንተ ያልከው ይገጠማል፤ ከጆሮህ ጋር ክርክር የለኝም" ብላ መሪው ጋ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ጥጡን ገጠመላት። "አንተ እርዳኝ" ብሎ በልቡ ፈጣሪውን ተማጸነና እጀታውን መልሶ ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። "እርገጪው!" ረገጠችው። የሞተሩ ጉርምርምታ በካቻቢቴው ዘልቆ መንጋጋውን ነዘረው፤ ፉጨቱ ግን የለም። እጀታውን አጥብቆ ተጫነው። የለም። "አጥፊው! አጥፊው እንጂ! ተርቦሽ አልቆለታል፤ ጨርሶ አያፏጭም!"

በመስኮቱ ብቅ ስትል አንድ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ እየሳቀች ነበር። "ኧረ አጎቴ፣ ቀልድህን ተው! ጆሮዬን ሊበሳው ነው እኮ!" ዞር ብሎ ሌሎቹን አየ፤ ሁለቱ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነዋል። ፊቱ አመድ ሲመስል ሳቋ አፏ ላይ ቀረ፤ ሞተሩን አጠፋችው። እሱም ቀስ ብሎ በሩን ከፈተላትና ካቻቢቴውን አስጨበጣት። "ውረጂ፣ ልጄ። እኔ ልርገጠው፤ አንቺ አዳምጪና የሚለውን ንገሪኝ።" እጀታው ገና ከጆሮው ሙቀት አልበረደም ነበር።