ምንም የላትም

የሥራ አስኪያጁ መኪና ሞተሯ ሳይጠፋ ስትቆም እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትመጣም ድምጿ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የሞተር መብራቷ ከበራ ከርሟል። የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ጋሽ ማንደፍሮ ኮፈኗን በከፈቱ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ "ምንም የላትም ጌታዬ። እርጅና ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ቢታክታቸው ቅዳሜ ዕለት ውጭ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ ያለው መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰካ፣ አንዲት የተቃጠለች ካንዴላ ቀየረ፣ መብራቱም ጠፋ። ያዘዙትን ሻይ እንኳ ጠጥተው አልጨረሱም።

ሰኞ ከስብሰባ ሲመለሱ መኪናዋ ኮሽ ሳትል ግቢ ገባች። ቢሯቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ማንደፍሮና ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛቸው ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ጸሐፊያቸው በእሳቸው ወንበር ተደላድላ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች።

ጸሐፊዋ ከልቧ ደንግጣ ብድግ አለች።

"ውይ ጌታዬ! መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?"