የጡት እናት

«አይቻልም አልኩሽ እኮ!» አለ ሀብተወልድ፣ የግቢውን በር በትከሻው ደግፎ። «ልጁ አሁን ሊሄድ ነው። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል።»

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። ከኤረር በር እስከዚህ በእግሯ ስትመጣ የቀሚሷ ጠርዝ አቧራ ለብሷል፤ ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች። ሴትዮዋ ሸምሲያ ትባላለች፣ ጀጎል ውስጥ ስፌት እየሰፋች የምታድር ናት። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ዛሬ የሚሄደውን ልጅ፣ ቡሽራን፣ በሕፃንነቱ ከግንቡ ሥር አንሥታ፣ በኋላም ለዚህ የሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠችው እሷ መሆኗን ሀብተወልድ ያውቃል። የማያውቀው ዛሬ ምን እግር እንደጣላት ነው።

ሀብተወልድ የማሳደጊያው ኃላፊ ነው፤ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የሚደግም ሰው። ቡሽራን ሊወስዱ የመጡትን ፈረንጆች ባልና ሚስትም ሲጠረጥር ነው የከረመው። ባሕር ተሻግሮ የሰው ልጅ ለማሳደግ የሚመጣ ሰው ምን ቢያስብ ነው? ቤታቸውን ጠየቀ፣ ሥራቸውን ጠየቀ፣ ሴትየዋን ለምን እንዳልወለደች እስክታቀረቅር ድረስ ጠየቃት። በመጨረሻ እሺ ያሰኘው ግን መልሳቸው አልነበረም። እዚህ ግቢ ያደጉ ወንዶች ጢማቸው ማቀምቀም ሲጀምር ከዚህ በር ሲወጡ የሚጠብቃቸው የወታደር መኪና ነው። ከሄዱት መካከል ተመልሶ የጎበኘው የለም። እንግዲህ ቡሽራ እንኳ ይትረፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይቺ መጣችበት።

«ከፈረንጆቹ የምትፈልጊው ነገር ካለ በግልጽ ተናገሪ» አላት።

«አስተግፊሩላህ! ምንም አልፈልግም። ልናገር ነው የመጣሁት» አለች ሸምሲያ። «ቡሽራን ከዚህች ከመርየም ጋር አጥብቼዋለሁ፣ አንዷን በዚህ አንዱን በዚያ። ወተቴ ሲደርቅ ነው ለእናንተ የሰጠሁት። በኛ ሸሪዓ የጡት ልጄ ነው፤ ለልጆቼ ሁሉ ወንድም ነው። ዘንድሮ ሰው የት እንደሚበተን ማን ያውቃል? ባሌ ጅቡቲ ሄዶ ቀረ፣ ትልቁ ልጄ ጅዳ ነው። ቡሽራ እዚያ ማዶ አድጎ፣ ሳያውቅ እህቱን ቢያገባስ? ሐራም ነው! ወላሂ፣ አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው። የምትወስደው ሴት ማወቅ አለባት።»

ሀብተወልድ ሳቁ መጣ። ወዲያው ግን ጥርጣሬው ሳቁን ቀደመው። «የዛሬ ወር ዘመድ የለውም ብለሽ የመሰከርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እርስዎ የጠየቁኝ የሥጋ ዘመድ ነው። የሥጋ የለውም።»

«እናቱ ከሆንሽ ታዲያ ውሰጂዋ! ዛሬውኑ ይዘሽው ግቢ!»

ሸምሲያ አንገቷን ደፋች። «ያሉኝንም የማበላቸው ቢኖረኝ...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። ሀብተወልድ በአፉ ሞኝነት አፈረ። በሩን ከፈተላት።

ፈረንጇ ደረጃው ላይ ቡሽራን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል። ሀብተወልድ ነገሩን በተሰባበረ እንግሊዝኛው አስረዳት። ሴትየዋ እስኪጨርስ ሰማችው፤ አንዳንዱን ሁለቴ አስደገመችው።

«እሺ ብላለች። ሲያድግ እነግረዋለሁ ብላለች» አላት ሸምሲያን።

«እሺ ማለት ቀላል ነው» አለች ሸምሲያ ፊቷን እያጠናች። «ትማልልኝ። የምታምነውን አላውቅም፤ በምታከብረው ነገር ትማልልኝ።»

ሀብተወልድ ሲተረጉምላት ፈረንጇ ቀላች፤ ከዚያ እጇን ልጁ ራስ ላይ ጭና ማለች። ሸምሲያ ብዙ ካየቻት በኋላ ቡሽራ ፊት ተንበረከከች።

«ስማ ልጄ። እኔ አጥብቼሃለሁ። ይቺ መርየም እህትህ ናት። ጃሚላም እህትህ ናት፣ ዐብዱልወሃብ ወንድምህ ነው፣ ዐብዱላሂም ወንድምህ ነው። እስቲ በል።»

ልጁ አላመናትም። እዚህ ግቢ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው የሚነግረውን ሁሉ አይውጥም። መርየምን ከላይ እስከ ታች አያት፤ እሷም እንደዚያው አየችው።

«የእውነት እህቴ ነሽ?»

«አዎ» አለች መርየም። «እማማ ሁልጊዜ ትለናለች።»

ያን ጊዜ ስሞቹን ደገማቸው፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ሳይዘል። ሸምሲያ ጉንጩን ሳመችው። እፎይ አለች፤ የመጣችበትን ጨርሳለች። ሀብተወልድም የጠረጠረው ሁሉ ስላልደረሰ ደስ አለው።

ሾፌሩ ክላክስ አሰማ። ቡሽራ ግን ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ ያን ቀን ያደረጉለትን አዲስ ጫማ መፍታት ጀመረ። ሁለቱንም አወለቀና ፈረንጇ እግር ሥር አጋጥሞ አስቀመጠላት።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለው ሀብተወልድ።

«ጋሼ፣ ሌላ ልጅ ይሂድ።» የልጁ ድምፅ ቅሬታ የለበትም፤ ተራ የሚለቅ ሰው ድምፅ ነው። «የሚሄደው ማንም የሌለው ልጅ ነው ብለውናል። እኔ ሰው አለኝ።»

ሀብተወልድ ይህን ማለቱን አልካደም፤ ልጆቹን ሁሉ ሰብስቦ ነግሯቸዋል። ሸምሲያን አየ። እሷ ገና ከተንበረከከችበት አልተነሣችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ፈረንጇ «ምን አለ?» ብላ በዓይኗ ትጠይቀዋለች።

ቡሽራ በባዶ እግሩ ሄዶ መርየም አጠገብ ቆመ።

«ቤታችን ሩቅ ነው?» አላት።