በፈረስ ፋንታ አውሮፕላን

«ከሥሩ ያዢልኝ፤ ጠበቅ አድርገሽ» አለ ሽባባው፣ ብሩሹን በቀዩ ቀለም ጣሳ ውስጥ እያማሰለ። ውቢት ገንቦዎቿን መሬት አስቀምጣ አውሮፕላኑን ከሆዱ ሥር በሁለት መዳፏ ደገፈችው።

የዳንግላ ገበያተኛ ሽባባው በር ላይ ፈሷል፤ ግማሹ አውሮፕላኑን ሊያይ፣ ግማሹ ሽባባው ሲዋሽ ሊሰማ። ሽባባው የሱቅ በርና የቡና ቤት ስም የሚቀባ ሰው ነው። እሱን ለጠየቀው ግን ደብረ ዘይት የእውነተኛ አውሮፕላን ጅራት ቀብቷል፤ ያውም እየበረረ፣ ከሌላ አውሮፕላን ላይ ተንጠልጥሎ። «አንዴማ ጣሳው ከእጄ አምልጦ፣ ያን ዓመት ዝናቡ እስከ መስከረም ቀይ ዘነበ» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ገበየሁ ግን አልሳቀም። እንደ ቅዳሴ ነው የሚያዳምጠው። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው፤ ሙሽራዋም ይቺው ውቢት ናት፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ልጅ። «ቡዳ ቤት ገብተህ በእኛ ፈረስ አትጋልብም» ብለው አጎቶቹ ፈረስ ከለከሉት። በአገው ምድር ሙሽራ ያለ ፈረስ ሄደ ማለት ያለ ሱሪ ሄደ ማለት ነው። ገበየሁ ነደደውና «እንግዲያስ በአውሮፕላን እሄዳለሁ!» ብሎ ማለ።

ዓብዱልሀሚድ ሱቅ የመጣው ራዲዮ እንዳይሰበር ታሽጎበት የነበረውን ነጭ የፈረንጅ አረፋ ለምኖ ወሰደ። በካራ ቀረጸው፣ በቀርከሃ ስንጥር አያያዘው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አለሰለሰው። ከመቅለሉ የተነሣ ዳንግላ ላይ ቢያስነጥሱበት ጫግኒ ወርደው የሚለቅሙት ነገር ሆነ። የቀረው ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ሚዜዎቹ በረጅም እንጨት ሰቅለው ከፊት ከፊት ይዘውለት፣ በእግሩ እነ ውቢት መንደር፣ ጥርባ ድረስ ሄዶ ሙሽራዋን ያመጣል።

«አያ ሽባባው፣ ልክ እንደ ፈረስ ዕቃ ያሳምሩልኝ» አለ። «ግንባሩን ቀይ፣ አንገቱን ቢጫ፣ ጅራቱን አረንጓዴ። አጎቶቼ ሲያዩት በፈረሶቻቸው ይፈሩ።»

«ለእኔ ተወው። እኔ ቀብቼው እናትህም አታውቀው!»

ሽባባው የሚናገረውን ያውቃል። ጠዋት በአረፋው ቁራጭ ላይ ሞክሮታል። ቀለም የሚያቀጥነው ከአውቶቡስ ሾፌር በሚለምነው ቤንዚን ነው፤ ቤንዚኑ ገና ሲነካው ቁራጩ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ቅቤ ሟሟ። ብቻውን ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሳቅ ብቻውን ስቆ ማባከን ግን ቆጨው። ገበያው እስኪሞላ ጠበቀ።

«ኧረ ሙሽራ ገበያ ይወጣል እንዴ?» አለች ከሰዉ መሃል ይታይሽ ጠላ ሻጯ።

«ገንቦው እግር አውጥቶ አይሸጥ፣ እቴ!» አለች ውቢት፣ ዓይኗን ከአውሮፕላኑ ሳትነቅል። «ደግሞ ለእኔ ብሎ የሠራው ሲቀባ ሳላየው ልቅር?»

«እሱንስ እያየሽው ነው» አለ አያ ሀብቱ፣ የገበየሁ የእናቱ ወንድም፣ ከዘራውን ተደግፎ። አንዳንዱ ሳቀ። ገበየሁ ዞር አለና «አጎቴ፣ ይተዉ» አለ።

ሽባባው ብሩሹን አንሥቶ የአውሮፕላኑን ግንባር በአንድ ጊዜ ስቦ ቀባው። ቀዩ አበራ። ሰዉ «እሰይ!» አለ። ክንፉን ቀባ። ጅራቱ ጋ ሳይደርስ ግንባሩ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ክንፉ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ቀዳዳው ሰፋ፤ ቀይ ልጋግ በውቢት ጣቶች መሃል እየሾለከ ወደ ክርኗ ወረደ። ስንጥሩ እንደ ዓሣ አጥንት ገጥጦ ቀረ።

ሽባባው ሳቁን ጉሮሮው ላይ አዘጋጅቶ፣ ሌላው እስኪጀምር ጠበቀ። ማንም አልጀመረም።

አንዲት ባልቴት በአገውኛ የሆነ ነገር ብላ አማተበች። እናቶች ልጆቻቸውን ከጀርባቸው ሸሸጉ።

«በዓይኗ በላችው» አለ አያ ሀብቱ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ። «አላልኩህም ገበየሁ? ነፍስ የሌለውን እንዲህ ያደረገች፣ ነገ የምትወልደውንስ?»

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁ!» አለች ውቢት። «ቀለሙ ነው! ቀለሙ ሲነካው ነው፤ አላያችሁም? አያ ሽባባው፣ ይንገሯቸው እንጂ! የቀቡት እርስዎ አይደሉም?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሽባባው ዞረ። «ቤንዚኑ ነው» ቢል በቃ፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቁጭ ብሏል። ግን ቤንዚኑ ከሆነ፣ ቤንዚኑን ያፈሰሰው ማን ሊባል ነው? አያ ሀብቱ ከዘራውን ከመሬት ነቀል አድርጎ ይጠብቃል። የገበየሁም ዓይን እንደዚያው።

«እንግዲህ እኔ ደብረ ዘይት ስንቱን አውሮፕላን ቀብቻለሁ» አለ ሽባባው። «እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

ገበየሁ ወደ ውቢት ተራመደ። ቀለም የነካውን እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ዘርግቶም አየር ላይ አቆየው። ከዚያ ያንኑ ምንም ያልነካ እጁን ቁምጣው ላይ ጠረገ።

«ገበየሁ» አለችው።

መሬት መሬቱን አየ።

ስንጥሩን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና፣ ገንቦዎቿን ሳታነሣ መንገድ ጀመረች። የተጋፋው ገበያተኛ ሁለት የተጫነ በቅሎ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ከፈተላት። ሽባባው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ቀና ብላ አየችው። የሆነውን በሙሉ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እጁ ግን በራሱ ሄዶ የኩታውን ጫፍ አነሣና ፊቱን ከዓይኗ ሸፈነው።