አንድ ጉንጭ ውሃ

ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ነግሯታል። «የእናትሽ ደም ተመርዟል፤ አንጀታቸውም ክፉኛ ተጎድቷል። የሚያስፈልጋቸውን ፈሳሽ በደም ሥራቸው እንሰጣቸዋለን፤ በአፋቸው ግን ጠብታ ውሃ እንዳይገባ።»

እናቷ ሦስት ቀን ሙሉ ለመኗት። «የኔ እናት፣ አንድ ጉንጭ ብቻ! ውሃ እኮ ለጠላትም አይነፈግም።»

ልጃቸው ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ከማበስ በቀር ምንም አልሰጠቻቸውም። ይድኑልኛል ብላ ጨከነች።

በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ እናቷ አረፉ። ነርሷ ማሽኑን አጠፋችና «እስቲ ተሰናበቻቸው» ብላ ብቻዋን ተወቻት።

እጇ ለምዶ፣ ጥጡን ራስጌ ባለው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረችና ከንፈራቸውን አበሰች። ጥጡ ክው ብሎ ደርቆ ተመለሰ። ደግማ ነከረችው፤ አሁንም ደረቀ። ደጋግማ አበሰቻቸው። ብርጭቆው እስከ ግማሽ ጎደለ፤ አገጫቸው ላይም ትራሱ ላይም ግን አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

ያን ጊዜ እንባዋ ገነፈለ። ጥጡን ጣለች፤ ራሳቸውን በክንዷ ቀና አድርጋ ብርጭቆውን አፋቸው ላይ አስጠጋች።

«ቀስ በይ እማዬ፤ ትን እንዳይልሽ» አለቻቸው።

የቀዘቀዘው ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለ።